ከፒዲኤ ወደ ጎደሬ፦ በምግብ ሚዲያ ፈንገስ ሲያድግ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄው

ፒዲኤ የሚባለው፣ ከድንች፣ ከግሉኮስና ከአጋር የተዘጋጀው የፈንገስ ማሳደጊያ (ሚዲያ) ዱቄት ውድ ነው። ጅማ ላይ ግን ሂርማታ ገበያ ወጣ ያለ ሰው ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ስኳር ድንች፣ ቡላና ሽምብራ ይዞ ይመለሳል። ለዚህ ነው ከምግብ ሚዲያ ለመሥራት የሚሞክር ተማሪ የማይጠፋው። ሙከራው ሲበላሽ ጥፋቱ ቶሎ በጎደሬው ይላከካል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጎደሬው ምንም አላደረገም፤ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አሠራሩ ነው።

መነሻ ቀመራችሁ የተለመደው የድንች ሚዲያ ይሁን። ለ1 ሊትር የ200 ግራም ድንች ቅቅል ውሃ፣ 20 ግራም ግሉኮስና ከ15 እስከ 20 ግራም አጋር (ሚዲያውን የሚያረጋው ዱቄት)። ድንቹን በሌላ ስትተኩ ሌላውን ሁሉ አትንኩ። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ተጨማሪ ፕሌት (ሚዲያው የሚቀዳበት ባለ ክዳን ሳህን) ይኑራችሁ፤ አንዱ ያው ፈንገስ የተዘራበት ፒዲኤ፣ ሌላው ምንም ያልተዘራበት አዲሱ ሚዲያ። እነዚህ ከሌሉ ከዚህ በታች ያለውን መለየት አትችሉም።

ምንም ያልተዘራበት ፕሌት በቀለ

የበቀለው የት ነው? ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ ሚዲያውን ስትቀዱ የገባ ነው። መስኮቱን ዝጉ፣ ከእሳቱ አጠገብ ቅዱ፣ ክዳኑን ብዙ አትክፈቱ። አጋሩ ውስጥ ጠልቆ የበቀለ ከሆነ ግን ሚዲያው ከመነሻው በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ተህዋስ በሚገድለው ማሽን) በደንብ አልጸዳም።

እዚህ ላይ የጅማ ከፍታ ይገባል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መጽሐፉ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው። እኛ ጋ ጌጁ (ግፊቱን በፒኤስአይ የሚያሳየው መለኪያ) 15 ሲያሳይ ውስጡ 118 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 18 ፒኤስአይ ይፈልጋል። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ጣሪያ ይህን ከፈቀደ ከፍ አድርጉ፤ ካልፈቀደ ሰዓቱን አራዝሙ። ቴርሞሜትር ካለው ከጌጁ ይልቅ እሱን እመኑ። አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቫልቩን ከዘጋችሁ ደግሞ ጌጁ ያታልላል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ሰዓቱን ከዜሮ ጀምሩ፤ «ደርሶ ነበር» ብሎ ነገር የለም።

በቅቅል ውሃ ፈንታ የምግቡን ዱቄት ስትጠቀሙ ሌላ ጣጣ አለው። ዱቄቱ ሙቀትን የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች (ተኝተው የሚቆዩ ህዋሳት) ይዞ ይመጣል፣ ጓጉሎ ከቀረ ደግሞ መሐሉ በደንብ አይሞቅም። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ እያማሰላችሁ አፍሉት፣ ፍላስኩን ከግማሽ በላይ አትሙሉ። እርጥብና አንጸባራቂ ኮሎኒ (ፕሌቱ ላይ የሚታይ የተህዋስ ክምር) ካስቸገረ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው። በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎራምፌኒኮል (የባክቴሪያ መድኃኒት) ይበቃዋል፤ የአውቶክሌቭን ሙቀትም ይችላል።

ባዕድ ሻጋታ በመስመር ተከታትሎ በቀለ

ትንንሽ ኮሎኒዎች እንደ ዱካ ከተደረደሩ ማይት የሚባል ጥቃቅን ተባይ ገብቷል። በዓይን እምብዛም አይታይም፣ የሻጋታ ስፖር (ዘር) ተሸክሞ ከፕሌት ወደ ፕሌት ይሄዳል። የተጠቃውን ሳትከፍቱ አውቶክሌቭ አድርጋችሁ ጣሉ። መደርደሪያውን በአልኮል ጥረጉ፣ የቀሩትን በፓራፊልም (በሚለጠጥ ማሸጊያ) አሽጉ። ከገበያ የመጣ እህል ኢንኩቤተሩ (ፕሌቶቹ የሚያድጉበት ሳጥን) ያለበት ክፍል ውስጥ አይደር።

ሚዲያው አልረጋም፣ ወይም ረግቶ ቀለጠ

አጋር በአሲድ ውስጥ ሲሞቅ ይበላሻል። ቆጮ የተብላላ ምግብ ስለሆነ ኮምጣጣ ነው። ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) መጀመሪያ ወደ 5.6 አምጡት፤ አለዚያ አጋሩንና የቆጮውን ውሃ ለየብቻ አጽድታችሁ 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ቀላቅሉ።

አጋር ለመቆጠብ ቡላን ማርጊያ ያደረገ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። መጀመሪያ ጥሩ ይረጋል፤ ፈንገሱ ሲያድግ ግን ከሥሩ ውሃ ይሆናል። ብዙ ፈንገሶች ስታርችን የሚያፈርስ አሚሌዝ ያመነጫሉ፤ ፈንገሱ ማርጊያውን በላው ማለት ነው። ቡላውን ለምግብነት ተዉትና አጋሩን መልሱ።

ሚዲያው ጠቆረ

ስኳርና ፕሮቲን አብረው ብዙ ሞቁ። ሽምብራ ላይ ይበዛል። ግሉኮሱን ለብቻው አጽዱ።

ኮሎኒው ሰፊ ነው፣ ግን ስስ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዲያሜትሩን ይለካና «ጎደሬ ከፒዲኤ በለጠ» ብሎ ይጽፋል። ሣር ያጣ ከብት ሩቅ ይሄዳል፤ ፈንገሱም ምግብ ሲያንሰው ክሩን ቀጭን አድርጎ ይዘረጋል። ፕሌቱን ብርሃን ፊት ያዙት። የታችኛው ጽሑፍ በኮሎኒው ውስጥ አልፎ የሚነበብ ከሆነ ስፋቱ ማሸነፍ አይደለም።

መፍትሄው ሁለት ነው። ከዲያሜትሩ ጎን የውፍረት ደረጃ መዝግቡ። ቁርጥ ያለ ውጤት ከፈለጋችሁ ደግሞ ያንኑ ቀመር ያለ አጋር በፈሳሽ አሳድጉ፣ ማይሲሊየሙን (የፈንገሱን ክሮች) አጥልሉ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቃችሁ መዝኑ። ይህ የሚሠራው ፈሳሹ የጠራ ከሆነ ነው፤ ዱቄት ካለበት የምትመዝኑት ዱቄቱንም ጭምር ነው። ሚዛኑም ሚዲያው ድሃ መሆኑን ካሳየ ቅቅሉን ከ200 ወደ 300 ግራም አሳድጉ፣ ወይም ጥቂት የሽምብራ ውሃ ለናይትሮጅን ጨምሩ።

ስፖር አልሰጠም

ምግቡ በዝቶበት ይሆናል። ግሉኮሱን በግማሽ ቀንሱ፣ 12 ሰዓት ብርሃን 12 ሰዓት ጨለማ ሞክሩ።

የባለፈው ዙር ሠራ፣ የአሁኑ እምቢ አለ

ጎደሬ ሁሉ አንድ አይደለም። ለሙሉ ሙከራው የሚበቃውን በአንዴ ግዙ፣ ልጡ፣ አድርቁ፣ ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጻፉ። የእርጥብና የደረቅ ግራም ግን እኩል እንዳልሆነ አስቡ።

በቡና ገለፈት እድገቱ ዘገየ

ጅማ ሆኖ ስለ ገለፈት የማይጠይቅ የለም። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ በነጻ ይገኛል። ግን ካፌይን አለበት፤ ካፌይን ደግሞ የብዙ ፈንገሶችን እድገት ያዘገያል። በሙቅ ውሃ አጥባችሁ የመጀመሪያውን ውሃ ድፉት። ከስኳሩም ከፊሉ አብሮ ስለሚሄድ ግሉኮሱን አትቀንሱ። ከዚያ በሙሉ፣ በግማሽና በሩብ መጠን ሠርታችሁ ከፒዲኤው ጎን አስቀምጡ።