ጎንደር ላይ የሰራችሁት አፕ ጎንደር ላይ እንዲሰራ ምን ማድረግ አለባችሁ

እኔና አንድ የግቢ ጓደኛዬ ጎንደር ውስጥ ማራኪ የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ለጌስት ሀውሶች የአልጋ ማስያዣ አፕ እየሰራን ነው፣ ሁለተኛ አመታችንን ይዘናል። ዘንድሮ ከግቢ የሚወጡ ልጆች ከምን እንጀምር እያሉ ሲጠይቁን ነበርና እኛ በስንት ልፋት የደረስንበትን እናንተ በአንድ ቀን እንድታገኙት ብዬ ነው የምጽፈው።

መብራቱን አስቀድሙ። መብራት ሲሄድ ኔትም ጠፋ እንላለን እንጂ ብዙ ጊዜ መስመሩ አለ፣ የጠፋው ራውተሩ ነው። ራውተር የሚበላው 10 ዋት አካባቢ ነው፣ ላፕቶፕ ግን ቻርጅ ላይ ሲሆን 45 እስከ 65 ዋት ይስባል፣ ስለዚህ ትልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያስቀጥል ሳጥን) ገዝታችሁ ሁሉንም ከምትሰኩበት ለራውተሩ ብቻ የምትሆን ትንሿን ግዙ፣ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የራውተሩን ቻርጀር ገልብጣችሁ የተጻፈበትን አንብቡ፣ 12 ቮልት ካለ 12፣ 9 ካለ 9፣ በግምት እንዳትገዙ። ፋይበር ካስገባችሁ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለችው ነጭ ሳጥንም መብራት ትፈልጋለች፣ እሷን ከረሳችሁ ዋይፋዩ ስልካችሁ ላይ ይታያል ኔት ግን የለም።

ሁለተኛው፣ አፑ ያለ ኔት እንዲሰራ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ በኋላ እንጨምረዋለን አትበሉ፣ በኋላ መጨመር ከዜሮ መጻፍ ማለት ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ያየ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ እንግዳ ስትመዘግብ መጀመሪያ ስልኳ ላይ ይቀመጥ፣ ኔት ሲመጣ ራሱ ይላክ። ዳታ በሌለበት ኤስኤምኤስ ብዙ ጊዜ ስለሚሰራ ማረጋገጫውን በሱ ላኩ፣ ግን በአማርኛ ስትጽፉ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፣ በእንግሊዝኛ 160 ነው፣ 70ን ካለፋችሁ ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠርባችኋል፣ ስለዚህ "ውድ ደንበኛችን" የሚለውን ትታችሁ ስም፣ ቀን፣ የክፍል ቁጥር። ኮዳችሁንም ጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ላይ ቶሎ ቶሎ ኮሚት አድርጉ፣ ለኮሚት፣ ማለትም ላፕቶፑ ላይ ለመመዝገብ፣ ኔት አያስፈልግም፣ ኔት የሚፈልገው ፑሹ፣ ማለትም ወደ ሰርቨር መላኩ ነው።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ ለሰው የምታሳዩ ከሆነም ዴሞው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ይሂድ፣ የሰው ዋይፋይ አትመኑ። በፕላን ከሄዳችሁ ፓወር ባንኩን በእጅ በሚያዘው ሻንጣ ነው የምትይዙት፣ ከታች በሚጫነው አይፈቀድም። 20,000 ሚሊአምፒር አወር የሚለው 74 ዋት አወር ነው፣ እስከ 100 ችግር የለውም፣ 30,000 የሚለው ግን 111 ስለሚሆን አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ይጠይቃል።

አሁን ሰዓት ላይ እንምጣ፣ እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። አንድ የውጭ እንግዳ አዘዞ ኤርፖርት 3:00 ፒኤም እደርሳለሁ ብሎ ሞላ፣ እኛ ደግሞ ስልክ ላይ ቦታ ጠበበን ብለን ፒኤሟን ቆርጠናት ነበር። የጌስት ሀውሷ ባለቤት ያነበቡት 3:00 ብቻ ነው። ሹፌሩን ከጠዋቱ ሶስት ሰዓት ላኩት፣ ሰውየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ ስራ ፈቶ ቆመ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ስልካቸውን አውጥተው እያሳዩን "ልጄ፣ ሶስት ሰዓት ይላል እኮ፣ እኔ ምን ላድርግ?" አሉን። እውነታቸውን ነው፣ የሹፌሩን የቀን አበል እኛ ከፈልን። ስለዚህ ዳታቤዝ ውስጥ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም መለኪያ ሰዓት) አስቀምጡ፣ እኛ ሁልጊዜ ከሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በጋ ክረምት ብሎ የሚቀያየር የለም። አማርኛውን ለመረጠ ሰው መጀመሪያ 3ቱን ደምራችሁ፣ ከዛ 6 ቀንሳችሁ "ከቀኑ 9 ሰዓት" ብላችሁ አሳዩት፣ ጠዋት፣ ከቀኑ፣ ማታ፣ ከሌሊቱ የሚሉት ቃላት በጭራሽ አይቆረጡ። ሌሊት የሚደርስ እንግዳ ካለ ደግሞ "ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት" ብላችሁ ጻፉት፣ እሁድ ብቻ ካላችሁ ሰው በሚቀጥለው ሌሊት ነው የሚጠብቀው።

ቀኑም እንደዛው። ጎንደር ላይ አልጋ የሚጠፋው ለጥምቀት ነው፣ ጥምቀት ደግሞ ጥር 11 ነው ብለን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ብለን ኮዱ ውስጥ ጻፍነው። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው አመት ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል፣ በ2016 እንደዛ ነበር፣ በ2020ም እንደዛው ይሆናል። ለአንድ ቀን ስህተት እንግዳው ፋሲለደስ መዋኛ ከተራውን አይቶ ዋናውን ቀን ሳያይ ይመለሳል፣ ያን ያህል መንገድ ለመጣ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቀን መለወጫውን ራሳችሁ አትጻፉት፣ ተፈትኖ ያለቀ ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ) አለ፣ እሱን ተጠቀሙ።

የመጨረሻው ፍለጋ ነው። የከተማችንን ስም ግማሹ ሰው ጎንደር፣ ግማሹ ጐንደር ብሎ ይጽፋል፣ ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ጎ እና ጐ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሥላሴና ስላሴ፣ ቍስቋምና ቁስቋም፣ አፄና አጼ፣ ሁሉም እንደዚሁ። እኛ ጋ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ያለ ቤት ለአንድ ወር ማንም ሳይነካው የቆየው በሠ ስለተመዘገበ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ሰው የጻፈውን ስም እንዳለ ተዉት፣ የባለቤቱ ስም ነው አትቀይሩበት፣ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ኮለም ጨምራችሁ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው፣ ጐን ወደ ጎ፣ ቍን ወደ ቁ መልሱ፣ ሰው የሚፈልገውንም ቃል እንደዛው አድርጋችሁ አወዳድሩ። ከዛ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ለአንዷ ሪሴፕሽኒስት ስጧትና ጎንደርን በሁለቱም አጻጻፍ ትፈልግ፣ ያው ዝርዝር ከመጣላት ልትለቁት ትችላላችሁ።