የማታውቁት ሰው የጀመረውን ካርድ ስትቀጥሉ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከማታውቁት ሰው አንድ ፖስት ካርድ ይደርሳችኋል። ጥግ ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ ዓይን ተለጥፎበታል፤ ከጎኑ ሌላ እጅ በቀይ ቀለም ዓሣ ስሎበታል፤ ከሥሩ «ጨምሩበትና ለሌላ አስተላልፉ» ተብሎ ተጽፎበታል። የፖስታ ጥበብ ወይም ሜይል አርት የሚባለው ይህ ነው። አሁን ተራው የእናንተ ነው።

ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ካርዱን ሞልቶ መላክ ነው። ጀማሪ ያደርገዋል፤ ሥዕል አዋቂ ደግሞ ይብሳል። ሦስት ቀን ተጠብቦ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሣለው ካርድ ሲያዩት ያምራል፤ ቀጣዩ ሰው ግን ብዕሩን የት ያሳርፍ? መሶቡን ብቻውን እንደጨረሰ እንግዳ ነው። ይህን ልማድ በኒው ዮርክ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሠዓሊ ሬይ ጆንሰን ለወዳጆቹ የሚልከው ብዙ ጊዜ በጥቂት መስመር የተሣለ የጥንቸል ጭንቅላት ነበር፤ «እባክዎ ጨምረውበት ለሬይ ጆንሰን ይመልሱ» የሚል ጽሑፍም ያክልበታል። ሥዕሉ ሕፃን የሣለው ይመስላል። እኔ እንደሚመስለኝ ኃይሉም እዚያው ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ያየ ሰው «ይህንማ እኔም እችላለሁ» ብሎ እርሳሱን ያነሣል። ስለዚህ ካርዱ በአራት እጅ የሚያልፍ ከሆነ ከሩብ በላይ አትንኩ። የሌላውን ሥራ መቀጠል ይቻላል፤ ለዓሣው እግር ብታወጡለት ማንም አይቀየማችሁም። ዓሣውን በነጭ ቀለም መሸፈን ግን ነውር ነው።

ሁለተኛው ስህተት ፖስታ ቤቱን መርሳት ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ ፖስት ካርድ አራት ማዕዘን ሆኖ ከ90 በ140 ሚሊ ሜትር ማነስ፣ ከ120 በ235 መብለጥ የለበትም፤ የአድራሻው ቦታም የቀኝ አጋማሽ ነው። በልብ ቅርጽ የተቆረጠ፣ ቁልፍ የተሰፋበት ወይም አሸዋ የተለጠፈበት ካርድ የመለያ ማሽኑ ውስጥ ይቀረቀራል። እንዲህ ያለውን በፖስታ አሽጋችሁ ላኩት። ያለዚያ ግን ራቁቱን ይሂድ፤ ቴምብሩና የጉዞው ማኅተም የሥዕሉ አካል ናቸውና። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቤን ቮቲዬ በ1965 እ.ኤ.አ. በሁለቱም ገጽ የአድራሻ ቦታ ያለው ካርድ አዘጋጅቶ ነበር። ሁለት አድራሻ ከተጻፈበት ወደ የትኛው እንደሚሄድ የሚወስነው ፖስተኛው ነው! ይህ ቀልድ የሚያምረው ሆን ተብሎ ሲሠራ ነው፤ አድራሻችሁ በቀለም ተሸፍኖ ፖስተኛውን ቢያስገምት ግን ካርዱ ጠፋ ማለት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ ደግሞ ሰው በቀበሌና በቤት ቁጥር ይታለላል። የሚያስፈልገው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ብዙ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በዘመዱ ሣጥን ስለሚጠቀም የባለሣጥኑም ስም አብሮ ይጻፍ። ያ ሰው ካርዱን ማንበቡ ስለማይቀር ምሥጢር አትጻፉበት።

ካርዱን ማቆየት ሌላው ጥፋት ነው። «እስኪመቸኝ» የተባለ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ሐሳብ ካልመጣላችሁ የከተማችሁን ስምና ቀኑን ብቻ ጽፋችሁ አሳልፉት።

የፖስታ ጥበብ ትርኢት ለሚያዘጋጁ አንድ ነገር ልጨምር። የደረሱትን ካርዶች አማርጦ ቆንጆዎቹን ብቻ ግድግዳ ላይ መስቀል የዚህን ጥበብ ሥርዓት ያፈርሳል። ልማዱ ዳኛም ክፍያም የለም፣ ሥራ አይመለስም፣ ለተሳተፈው ሁሉ ግን የተሳታፊዎች ዝርዝር ይላካል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ትርኢት ትልቅ ሙዚየም ውስጥም ተደርጓል፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም የጆንሰን ወዳጆች በፖስታ የላኩት ሥራ ለሕዝብ ታይቷል።

ላኪውም «ካርዴ የት ደረሰ? ይመለስልኝ» ማለት አይችልም። ስለዚህ ፖስታ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የካርዱን ሁለት ገጽ ፎቶ አንሡ፤ ፎቶውን ለሌላ ስታሳዩ ደግሞ የተቀባዩን አድራሻ በጣታችሁም ቢሆን ሸፍኑት።