አግራፍ አላነሳ ያለው ኤሌክትሮማግኔት

የ5ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በምስማር፣ በመዳብ ሽቦና በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሮማግኔት (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብቻ ማግኔት የሚሆን ነገር) እንዲሠሩ በቡድን ከፍያቸው ነበር። ሽቦው ከሞተር ጥገና ቤት የተገኘ ትርፍራፊ ነው። ሁሉም በሥርዓቱ ጠቅልለው አገናኙ፤ አንድም አግራፍ ንቅንቅ አላለም።

መጀመሪያ በድንጋዩ ላይ ፈረድን። በአዲስ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ጥቅልሉን ከ30 ወደ 60 ዙር አሳደግን፣ ምስማሩን በወፍራም ቀየርን፤ ያው ነው።

ፍንጩ የመጣው ከአንዲት የእጅ ባትሪ አምፖል ነው። ከድንጋዩ ጋር በዚያው ሽቦ ስናገናኛት ጨለማ፤ ከመብራት ገመድ ተልጦ በወጣ ሽቦ ስናገናኛት ግን ቦግ አለች። የሞተር ሽቦ ራቁቱን መዳብ ይመስላል እንጂ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ቫርኒሽ የተሸፈነ ነው።

መፍትሔው የሽቦውን ሁለት ጫፎች ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን፣ ጠቆር ያለው ቀለም ጠፍቶ የሚያብለጨልጭ መዳብ እስኪወጣ። የተፋቁት ጫፎች ድንጋዩን በነኩበት ቅጽበት አግራፎቹ ምስማሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ጩኸቱን የጎረቤት ክፍል መምህር ይመስክሩ!

የተጠቀለለውን ክፍል ግን አትፋቁ። አንድ ቡድን ለጥንቃቄ ብሎ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ፍቆት ዙሮቹ እርስ በርስ ተነካኩ፤ ኤሌክትሪኩም ዙሮቹን ተከትሎ መዞሩን ትቶ በአቋራጭ አለፈና ማግኔቱ ደከመ። ሽቦውና ድንጋዩ ቶሎ ስለሚግሉም ከጥቂት ሰከንድ በላይ አገናኝቶ ማቆየት አይገባም።