አሮጌ መኪና ይዞ ሳይከስሩ ለመቆየት

ርካሽ አሮጌ መኪና ልትገዛ ከሆነ ያለህን ብር በሙሉ መኪናዋ ላይ እንዳትጨርስ፣ ለጋራዥ የሚሆን አስቀር። ገና እንደያዝካት ዘይትና ፊልትሮ ቀይር፣ ሻጩ አሁን ነው የቀየርኩት ቢልህም ቀይር (ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው)።

ከዛ በኋላ ዘይትና ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ) ማየት ልማድ ይሁንህ። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ የዘይት መለኪያውን አውጥተህ በጨርቅ ጥረገው፣ መልሰህ ክተተውና እንደገና አውጥተህ እየው፣ በሁለቱ ምልክቶች መሀል ከሆነ ሰላም ነው፣ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ግን ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ብሎክና በላይኛው ክፍል መሀል ያለው ማሸጊያ) ነው፣ በቃ አታስነሳት መካኒክ ጥራ። የራዲያተር ክዳን ደግሞ ሞተሩ እንደጋለ በጭራሽ እንዳትከፍት፣ ፊትህን ያቃጥልሃል።

ታይሚንግ ቤልት (የፒስተንና የቫልቭ እንቅስቃሴን የሚያገጣጥመው የሞተር ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። ብዙ መኪኖች ላይ ከ60 እስከ 100 ሺ ኪሎሜትር ባለው ነው የሚቀየረው፣ እየነዳህ ከተበጠሰ ብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታና ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በቤልቱ ፋንታ ሰንሰለት ያላት ከሆነች ግን ይሄ ብዙም አያሳስብህም፣ ዘይቷን ብቻ በጊዜ ቀይር።

ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ አትይ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ፈልግ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ 10 ዓመት ካለፈው ጥርሱ ቢያምርም ጣለው። ጭረቱና ቀለሙ ይቆይ፣ ፍሬን ሸራው ይቅደም።