በሰብዓዊ መብቶች ዓለም አቀፍ ማስተርስ የሚማሩ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ሰብዓዊ መብቶች ትምህርት የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያየው ወይም የሰማው ግፍ አስቆጥቶት ነው። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ያለ እሱ ይህን ሁሉ ሰነድ ለማንበብ የሚበረታ ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ በማስተርስ ደረጃ የሚመዘነው የተማሪው ቁጣ ሳይሆን፣ ያ ግፍ በየትኛው ሰነድና በየትኛው አንቀጽ ማንን ተጠያቂ እንደሚያደርግ፣ በየትኛውስ አካል ፊት ሊቀርብ እንደሚችል አጣርቶ የመጻፍ ችሎታው ነው። የመጀመሪያ ጽሑፌን ያረመው መምህር በኅዳጉ ላይ ደጋግሞ የጻፈው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ «ማን?» እና «በየትኛው አንቀጽ?»። ከዚህ ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስያሜውን ብቻ አይቶ መርሐ ግብር መምረጥ

«ሰብዓዊ መብቶች» የሚል ስያሜ የያዙ መርሐ ግብሮች በይዘታቸው እጅግ ይለያያሉ። ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) የሚባለው ዲግሪ በአብዛኛው የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው የሚፈልግና በሕግ ትንተና ላይ የሚያተኩር ሲሆን፣ ኤምኤ የሚባለው ግን ከፖለቲካ ሳይንስ፣ ከሶሲዮሎጂ፣ ከጋዜጠኝነት ወይም ከማኅበራዊ ሥራ የመጡትንም ይቀበላል። የቦታ ጉዳይም አለ። የአውሮፓው የሰብዓዊ መብቶችና የዴሞክራሲ ማስተርስ ተማሪዎቹን የመጀመሪያውን ሴሚስተር በቬኒስ ሊዶ ደሴት ካስተማረ በኋላ፣ ለሁለተኛው ሴሚስተር በልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች ወደሚገኙ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ይልካቸዋል። በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል የሚመራው የአፍሪካ መርሐ ግብርም ተመሳሳይ አካሄድ ይከተላል። ይህን ሳያጣራ የሚያመለክት ሰው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያማክረው መምህር ምናልባት በሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚገኝ የሚረዳው ርእሱን ከወሰነ በኋላ ይሆናል። የአንድ ዓመት መርሐ ግብር ብዙ ጊዜ 60፣ የሁለት ዓመቱ ደግሞ 120 የአውሮፓ ክሬዲት የሚይዝ ስለሆነ፣ ወደ ዶክትሬት የመቀጠል ሐሳብ ያለው ሰው የሚፈልገው ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ቢያረጋግጥ ይሻለዋል።

ከማመልከቻው ጋር የሚላከው የዓላማ መግለጫ ደብዳቤም የዚሁ ክፍል ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ፍትሕን እወዳለሁ» የሚለውን ሁሉም አመልካች ይጽፈዋል። አንድ የሠሩበትን ጉዳይ፣ በዚያ ጉዳይ ላይ ማወቅ ያቃተዎትን ነገርና ያን ጥያቄ የሚመልስ ኮርስ በመርሐ ግብሩ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ ሁለት አንቀጽ ከአሥር አንቀጽ የስሜት መግለጫ ይበልጣል።

ስለ ሰነዱ የተጻፈውን እያነበቡ ሰነዱን አለማንበብ

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ተማሪው የሊቃውንትን ጽሑፍ በብዛት አንብቦ ወደ ክርክር ይገባና፣ አንቀጹ ራሱ ቃል በቃል ምን እንደሚል ሲጠየቅ ይደናገራል። ሁለቱ ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳኖች በ1966 በአንድ ቀን ተቀባይነት ያገኙና በ1976 ሥራ ላይ የዋሉ መንትዮች ናቸው፤ የሁለቱ አንቀጽ 2 ግን አንድ ዓይነት ነገር አይልም። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን መንግሥት መብቶቹን እንዲያከብርና እንዲያረጋግጥ ሲያስገድድ፣ የኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳን የሚጠይቀው ባለው ሀብት የሚቻለውን ያህል ተጠቅሞ መብቶቹን ደረጃ በደረጃ ወደ ሙሉ ተፈጻሚነት የሚያደርስ እርምጃ እንዲወስድ ነው። ይህን ያላነበበ ተማሪ «በአገሪቱ ቤት አልባ ሰዎች ስላሉ መንግሥት የመኖሪያ ቤት መብትን ጥሷል» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይደመድማል። በከፊል ያነበበው ደግሞ «ደረጃ በደረጃ» የሚለውን ሐረግ ይዞ መብቱ ባዶ ተስፋ ነው ይላል። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው ኮሚቴ በ1990 ባወጣው 3ኛው አጠቃላይ አስተያየት ግን፣ አድልዎ አለማድረግና እርምጃ መውሰድ መጀመር ወዲያውኑ የሚጸኑ ግዴታዎች መሆናቸውን፣ ከየመብቱም ሊጓደል የማይገባው ዝቅተኛ አስኳል እንዳለ አስረድቷል። እውነተኛው ክርክር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የትኛው የግዴታው ክፍል ወዲያውኑ የሚፈጸም እንደሆነ፣ የሀብት እጥረትስ መከራከሪያ ሊሆን የሚችለው እስከ የት እንደሆነ መለየት ይጠይቃል።

የገደብ ድንጋጌዎችም እንዲሁ ናቸው። በሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 19 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ሲደነገግ፣ በአንቀጹ ለተዘረዘሩት ዓላማዎች ሲሆንና አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ነው። ማሰቃየትን የሚከለክለው አንቀጽ 7 ግን ምንም የገደብ ሐረግ የለውም፤ በአንቀጽ 4 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ሊታገድ አይችልም። ብዙ ጽሑፎች ሦስቱን የመመዘኛ ነጥቦች ማለትም ሕጋዊነትን፣ ቅቡል ዓላማንና ተመጣጣኝነትን በማንኛውም መብት ላይ እንደ ቅጽ ሲሞሉ አያለሁ፤ ማሰቃየት «ተመጣጣኝ» መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ገጽ ሳነብ ተማሪው የት እንደሳተ ከእሱ ይልቅ ለእኔ ግልጽ ይሆንልኛል። በአንጻሩ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በአስቸኳይ ጊዜ መብትን ስለማገድ የሚናገር ድንጋጌ ጭራሽ የለውም፤ ይህ ዝምታ ራሱ ሰፊ የጥናት ርእስ ነው።

የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም በየጽሑፉ ከሚገባው በላይ ይጫናል። መግለጫው በ48 የድጋፍና በ8 ድምፀ ተዓቅቦ፣ ያለ ተቃውሞ ያለፈ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ነው እንጂ መንግሥታት ያጸደቁት ስምምነት አይደለም። ከድንጋጌዎቹ አንዳንዶቹ ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ ማለትም መንግሥታት ግዴታ ነው ብለው በተግባር የሚከተሉት ያልተጻፈ ሕግ ሆነዋል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩን ሳያቀርቡ «መንግሥት አንቀጽ 25ን ጥሷል» ብሎ ማለፍ ግን አይቻልም።

ፊርማንና ማጽደቅን መቀላቀል

አንድን መንግሥት ከመክሰስ በፊት መንግሥቱ በስምምነቱ መገዛቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አሜሪካ ሁለቱንም ቃል ኪዳኖች በ1977 ፈርማለች፤ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን በ1992 ስታጸድቅ ሌላውን ግን አላጸደቀችም። የሕፃናት መብቶችን ኮንቬንሽንም በ1995 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችውም። ቻይና ደግሞ በተቃራኒው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን በ1998 ፈርማ ሳታጸድቅ ቆይታለች። ፊርማ ብቻውን ከንቱ አይደለም፤ የ1969ኙ የቪየና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን በአንቀጽ 18 የፈረመ መንግሥት የስምምነቱን ዓላማ ከሚያከሽፍ ድርጊት እንዲቆጠብ ያስገድዳል። ይህ ግን በስምምነቱ ከመገዛት ጋር አንድ አይደለም። ያጸደቀ መንግሥትም ቢሆን ያስመዘገበው ተዓቅቦ (በአንድ ድንጋጌ አልገዛም ወይም በከፊል ብቻ እገዛለሁ የሚል መግለጫ) ካለ አንቀጹ በዚያው መጠን ሊጠብ ስለሚችል፣ የተባበሩት መንግሥታትን የስምምነቶች መዝገብ ሳይከፍቱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ መጻፍ አይገባም። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ተቋማትን በስማቸው መመሳሰል ማደበላለቅ

የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ 18 ነጻ ባለሙያዎች የሚገኙበት፣ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን የሚከታተል አካል ነው። የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ደግሞ በ2006 የተቋቋመ፣ 47 መንግሥታት በአባልነት የሚቀመጡበት ፖለቲካዊ አካል ሲሆን፣ የየአገሩ የሰብዓዊ መብት አያያዝ በሌሎች መንግሥታት የሚመረመርበት ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ የሚካሄደው በእሱ ሥር ነው። የመጀመሪያው የሚሰጠው አስተያየት የሕግ ትርጓሜ ነው፤ የሁለተኛው ውሳኔ በመንግሥታት ድምፅ የሚያልፍ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ጠቅሶ የጻፈ ተማሪ የመረጃውን ክብደት ሳያውቀው አዛብቷል።

ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም 46 አባላት ያሉት የአውሮፓ ምክር ቤት አካል እንጂ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አይደለም፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ያለው ሉክሰምበርግ ነው። ሔግ ያሉት ሁለቱ ፍርድ ቤቶችም አንዱ፣ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት፣ መንግሥታትን እርስ በርስ የሚያከራክር፣ ሌላው፣ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት፣ ግለሰቦችን በወንጀል የሚዳኝ ሲሆን፣ ሁለቱም በስያሜያቸው የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አይደሉም። በአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽኑ በጋምቢያዋ ባንጁል፣ ፍርድ ቤቱ በታንዛኒያዋ አሩሻ ይገኛሉ። ግለሰብ ወይም የታዛቢነት ደረጃ ያለው መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት አሩሻ ላለው ፍርድ ቤት በቀጥታ አቤት ማለት የሚችለው የሚከሰሰው መንግሥት ፍርድ ቤቱን ባቋቋመው ፕሮቶኮል አንቀጽ 34(6) መሠረት ልዩ መግለጫ ከሰጠ ብቻ ነው። ይህን ሳያጣሩ «ተጎጂዎቹ ወደ አፍሪካ ፍርድ ቤት መሄድ አለባቸው» ብሎ ምክረ ሐሳብ መስጠት የሌለን በር ማሳየት ነው።

ሁሉንም ጉዳይ በስትራስቡርግ ፍርድ መመዘን

የስትራስቡርግ ፍርዶች ብዙ ናቸው፣ በመልካም ሁኔታ ተሰናድተዋል፣ ሁዶክ በሚባለው የመረጃ ቋት በነጻ ይገኛሉ። ስለዚህ ተማሪው ሳያስበው ወደዚያው ይሳባል። ችግሩ አንዳንድ አስተምህሮዎች ከዚያ ሥርዓት ጋር የተወለዱ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ በ1976ቱ የሃንዲሳይድ ጉዳይ የጎላው ለመንግሥታት የሚተው የውሳኔ ወሰን የሚባለው ሐሳብ በሌሎች አካላት ዘንድ በዚያው መልክ ተቀባይነት አለው ብሎ መውሰድ አይቻልም። ስለ መሬት፣ ስለ አካባቢና ስለ ሕዝቦች የጋራ መብት የሚጽፍ ሰው ደግሞ የአፍሪካ ኮሚሽን በ2001 በናይጄሪያ የኦጎኒ ሕዝብ ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔና የአፍሪካ ፍርድ ቤት በ2017 በኬንያ የኦጊዬክ ማኅበረሰብ ጉዳይ የሰጠውን ፍርድ ሳያነብ ወደ አውሮፓ መሄዱ አይገባኝም፤ የአውሮፓው ኮንቬንሽን የሕዝቦችን መብት በዚያ መልኩ አያውቀውም። ንጽጽር ግን አይከለከልም። የአፍሪካ ቻርተር ራሱ በአንቀጽ 60 እና 61 ኮሚሽኑ ከሌሎች የዓለም አቀፍ ሕግ ምንጮች እንዲማር ይፈቅዳል። ተማሪው ማድረግ ያለበት ፍርዱን ለምን እንደ ተዋሰ በአንድ አንቀጽ ማስረዳት ነው።

ከባድ ቃላትን ለማጉላት መጠቀም

«የዘር ማጥፋት» እና «በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል» የሚሉት ሐረጎች የሐዘን መጠን መለኪያ አይደሉም። የ1948ቱ የዘር ማጥፋት ኮንቬንሽን በአንቀጽ 2 የሚጠይቀው ብሔራዊ፣ የጎሣ፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ቡድንን እንደ ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን ነው፤ የፖለቲካ ቡድን በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የሟቾች ብዛትም ብቻውን መለኪያ አይደለም። በብዙ ሺህ ሰው ላይ የተፈጸመ ግድያ በሕጉ ዘር ማጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ይህን መናገር ግድያውን ማቃለል ተደርጎ ሲወሰድ በሴሚናር ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዘመቻ ድርጅቶች ሪፖርት የተገለበጠ አገላለጽም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሪፖርቱ ስለ ፍሬ ነገሩ ጠቃሚ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሕጋዊ መደምደሚያውን ግን ጸሐፊው ራሱ ከአንቀጹ ተነሥቶ መድረስ አለበት።

እግረ መንገዴን፣ የሰብዓዊ መብቶች ሕግንና በጦርነት ጊዜ ተፈጻሚ የሚሆነውን የሰብዓዊነት ሕግ የሚያምታቱም አሉ። የኋለኛው ዋነኛ ምንጮች የ1949ኙ አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች ናቸው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1996 ስለ ኒውክሌር መሣሪያ በሰጠው አስተያየት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ጥበቃ በጦርነት ጊዜ እንደማይቋረጥ ገልጿል፤ ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ይሠራል?» ሳይሆን «ሁለቱ እንዴት አብረው ይነበባሉ?» የሚለው ነው።

የመመረቂያ ርእስን ማስፋት

«የሴቶች መብት በአፍሪካ» የመጽሐፍት መደርደሪያ ስያሜ እንጂ የመመረቂያ ርእስ አይደለም። «ሰብዓዊ መብቶች ዓለም አቀፋዊ ናቸው ወይስ ባህላዊ?» የሚለውም በየዓመቱ በብዙዎች የሚመረጥና አልፎ አልፎ ብቻ አዲስ ነገር የሚገኝበት ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው በ1993ቱ የቪየና የሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ መግለጫ ጀምሮ በዚያው ይጨርሳል። ርእስ የሚጠበው አንድ አካል፣ አንድ አንቀጽና አንድ የጊዜ ወሰን ሲሰጠው ነው። ለምሳሌ የአፍሪካ ኮሚሽን የአገር ውስጥ መፍትሔን አሟጥጦ ስለ መጠቀም በሚደነግገው በቻርተሩ አንቀጽ 56(5) ላይ ድህነትንና የጠበቃ እጦትን እንዴት እንደመዘነ መመርመር በጥቂት ወራት ሊጠናቀቅ የሚችል፣ ውጤቱም ለሚቀጥለው አቤት ባይ የሚጠቅም ሥራ ነው።

ተጎጂዎችን ያለ ዝግጅት ማነጋገር

ቃለ መጠይቅ የሌለበት ጥናት ጎደሎ ነው የሚል እምነት በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። ይሁን እንጂ ከማሰቃየት ወይም ከጾታዊ ጥቃት የተረፈን ሰው ታሪኩን እንደገና እንዲናገር ማድረግ ቁስሉን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ስሙ ቢወጣም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳምንታት ምናልባትም ወራት ስለሚወስድ፣ በመጨረሻው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ማመልከት በተግባር ጥናቱን መተው ማለት ነው። በ2022 ተሻሽሎ የወጣው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ማሰቃየትን ስለ መመርመርና ስለ መሰነድ፣ በ2020 ይፋ የሆነው የበርክሌይ ፕሮቶኮል ደግሞ በኢንተርኔት ስለሚገኙ ምስሎችና መረጃዎች አያያዝ ዝርዝር መመሪያ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም የመጀመሪያው ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት መነበብ አለባቸው። ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄው በታተሙ ውሳኔዎችና በይፋ ሰነዶች ሊመለስ ይችላል። ከሆነ ሰውን አለማስቸገር የተሻለው አካሄድ ነው። ተማሪው ለራሱም ልብ ይበል፤ የምስክርነት ቃል ሌሊት ሌሊት ለወራት የሚያነብ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ከስንፍና ቆጥሮ ዝም ማለት የለበትም።

ልምምድንና ቋንቋን ለመጨረሻ መተው

በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤቶች የሚሰጠው የልምምድ ሥራ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም፤ የጉዞና የመኖሪያ ወጪም በተለማማጁ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ገንዘቡ ከትምህርቱ መጀመሪያ ጀምሮ መታሰብ አለበት። ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው በጄኔቫም በባንጁልም ሰፋ ያለ ዕድል ያገኛል፤ ቋንቋ ደግሞ በአንድ ክረምት አይለመድም። ወደ ውጭ መሄድ ለማይችሉት የምስለ ችሎት ውድድር ጥሩ አማራጭ ነው፤ በሁለቱም ወገን አቤቱታ ማዘጋጀት ስለሚያስገድድ፣ ተማሪው ሲያወግዘው የኖረውን መንግሥት ወክሎ እንዲከራከርም ያደርገዋል።