ጆርናልን በቁጥር ስንመዝን የምንሠራቸው ስህተቶች

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምርምር ኅትመቶችን የማጣራት ሥራ ከያዝኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ለማዕረግ ዕድገት የሚያመለክት መምህር ማኅደሩ ወደ ኮሚቴው ከመግባቱ በፊት በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል፤ ጆርናሉ በየትኛው የመረጃ ቋት እንደተመዘገበና ኢምፓክት ፋክተሩ ስንት እንደሆነ አጣርቼ በቅጹ ግርጌ እፈርማለሁ። ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ በቅርቡ የታደምኩበት ስብሰባ ነው። የሁለት መምህራን ማኅደር ጎን ለጎን ተዘርግቶ ሳለ አንድ የኮሚቴ አባል ጣቱን ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው እያሻገረ «የሐኪሙ ጆርናል 5.8፣ የሒሳቡ 1.1፤ ይኼ እኮ አምስት እጥፍ ይበልጣል» አለ። ማንም አልተቃወመም። እኔም እንዲህ ያለውን ንጽጽር ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ በቅድሚያ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ልናገር። የአንድ ጆርናል የ2024 ኢምፓክት ፋክተር የሚገኘው፣ በ2022 እና በ2023 ያወጣቸው ጽሑፎች በ2024 ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተቆጥሮ፣ በእነዚያው ሁለት ዓመታት ባሳተማቸው የምርምርና የዳሰሳ ጽሑፎች ብዛት ሲካፈል ነው። 100 ጽሑፍ አውጥቶ 250 ጊዜ ከተጠቀሰ 2.5 ይሆናል ማለት ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ የጥቅስ ማውጫን ሐሳብ በ1955 ካቀረበ በኋላ፣ ይህ ስሌት በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቀመረው በማውጫው ውስጥ የሚካተቱትን ጆርናሎች ለመምረጥ ነበር። ከ1975 ጀምሮ «ጆርናል ሳይቴሽን ሪፖርትስ» በተባለው ዓመታዊ ዘገባ ይወጣል፤ ዛሬ ባለቤቱ ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ማውጫ ለሚያዘጋጅና እንደ እኔ ላለው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የተሠራ እንጂ ማን ተባባሪ ፕሮፌሰር ይሁን የሚለውን እንዲወስን የታሰበ አልነበረም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በግልጽ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቁና የማይለቀን ስህተት የተለያዩ የትምህርት ዘርፎችን ጆርናሎች በጥሬ ቁጥር ማወዳደር ነው። ሐኪሙ የሚጽፈው ጽሑፍ በርካታ ዋቢዎችን ይደረድራል፤ ብዙዎቹም ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ሥራዎች ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ግን ዋቢዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚጠቅሰው ቲዎረም ከሃያ ወይም ከአርባ ዓመት በፊት የተረጋገጠ ሊሆን ይችላል፤ የእርሱን ሥራ የሚጠቅሰውም ሰው ገና አንብቦ ተረድቶ እስኪጽፍ ድረስ ያ የሁለት ዓመት መስኮት ተዘግቷል። በዘርፉ ያለው የተመራማሪ ብዛትና የኅትመቱ ፍጥነት ይጨመርበትና፣ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማወዳደር ጤፍን በክንድ፣ ጥለትን በቁና እንደመለካት ነው። ምሳሌ ካስፈለገ ከላይኛው ጫፍ ልጀምር። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር የሚያሳትመው «ሲኤ» የተባለው ጆርናል በቅርብ ዓመታት ኢምፓክት ፋክተሩ ከ200 በላይ ነው፤ ዋናው ምክንያት በየዓመቱ የሚያወጣው የካንሰር ስታቲስቲክስ ነው፤ ስለ ካንሰር የሚጽፍ ተመራማሪ ገና በመግቢያው «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሰው ይታመማል» ሲል እርሱን ይጠቅሳልና። «አናልስ ኦፍ ማቴማቲክስ» በበኩሉ ከ1884 ጀምሮ የሚታተም፣ የሒሳብ ሊቃውንት ሥራቸው እንዲወጣበት የሚመኙት ጆርናል ነው፤ አንድሩ ዋይልስ የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም ያረጋገጠበት ሥራ በ1995 የወጣው በዚሁ ነው። ኢምፓክት ፋክተሩ ግን በነጠላ አኀዝ የሚቆጠር ነው። በእኛ ኮሚቴ አሠራር ቢሆን ዋይልስ ከአንድ መካከለኛ የሕክምና ጆርናል ጸሐፊ በታች ነጥብ ይዞ ይወጣ ነበር። ይህን ለኮሚቴው በነገርኩ ቁጥር ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ይስማማል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ያው ሠንጠረዥ ተመልሶ ይዘረጋል። ጆርናል የሚወዳደረው በራሱ ዘርፍ ውስጥ ካሉት ጋር ነው። ዘርፍን ተሻግሮ ማወዳደር የግድ ከሆነም፣ የዘርፉን የመጥቀስ ልማድ ከግምት አስገብተው የሚሰሉ መለኪያዎች አሉ፦ ስኮፐስ በተባለው የጥቅስ መረጃ ቋት የሚገኘው ስኒፕ፣ እንዲሁም ክላሪቬት በ2021 ያስጀመረው፣ የዘርፉ አማካይ 1 የሚሆንበት የጆርናል ሳይቴሽን ኢንዲኬተር። ሁለቱም ቢሆኑ ፍጹም ናቸው አልልም፤ ከጥሬው ቁጥር ግን ይሻላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስቸግረኝ የጆርናሉን አማካይ ለአንዲት ጽሑፍ ማልበስ ነው። ጥቅስ ለሁሉም ጽሑፍ እኩል አይደርስም፤ ጥቂቶቹ ብዙውን ይወስዱና አብዛኞቹ ከአማካዩ በታች ይቀራሉ። «አክታ ክሪስታሎግራፊካ» የተባለው ጆርናል ምድብ ኤ ታሪክ ለዚህ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። በ2008 መጀመሪያ ጆርጅ ሼልድሪክ የክሪስታልን መዋቅር ለመፍታት ስለሚያገለግለው ሼልኤክስ ስለተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ፕሮግራሙን የሚጠቀም ሁሉ እርሱን እንዲጠቅስም በጽሑፉ ተመለከተ። 2 ገደማ የነበረው የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር ለ2009 ዓመት 49.926 ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከ50 አለፈ፤ ጽሑፉ ከሁለት ዓመቱ መስኮት ሲወጣ ተመልሶ ወደ 2 ገደማ ወረደ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እዚያ ያሳተመ ሌላ ሰው ሥራው ሃያ እጥፍ የተሻለ ሆኗል ሊል ይችላልን? በ2012 መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ የተረቀቀው፣ ዶራ በሚለው ምኅጻረ ቃሉ የሚታወቀው መግለጫም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በቅጥርም ሆነ በዕድገት ጊዜ የጆርናሉን ቁጥር በጽሑፉ ጥራት ምትክ አትጠቀሙ ይላል። ኮሚቴው ጽሑፉን ለማንበብ ጊዜ የለኝም ካለ ቢያንስ የጽሑፉን የራሱን የጥቅስ ብዛት ይይ።

የሐሰት መለኪያን ጉዳይ በቁጣ ብጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን የሚያጋጥሙኝ ወጣቶች ስለሚያሳዝኑኝ አልችልም። አንድ ወጣት መምህር እያለከለከ መጥቶ «ጋሼ፣ ኢምፓክት ፋክተሩ 6.473 ነው፤ ሰርተፍኬቱም ይኸው» ብሎ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ዘረጋልኝ። ወረቀቱን የሰጠው ድርጅት ቁጥሩን ከየት እንዳመጣ በድረ ገጹ የትም አልተናገረም፤ በስሙ መካከል «ኢምፓክት ፋክተር» የሚል ሐረግ ግን አለ። ጆርናሉን በክላሪቬት ዋና የጆርናሎች ዝርዝር ውስጥ በስሙና በአይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ) ቁጥሩ ፈለግኩት፤ አልነበረም። ለማሳተሚያ የከፈለው ዶላር ስንት ወር እንዳስቆጠበው ሲነግረኝ የምለው ጠፋኝ። ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ እውነተኛው ኢምፓክት ፋክተር ሰርተፍኬት ተይዞ አይዞርም። ማጣራቱም በዝርዝሩ ገብቶ መፈለግ እንጂ የጆርናሉን የራሱን ድረ ገጽ ማመን አይደለም፤ የእውነተኛ ጆርናል ስምና አይኤስኤስኤን ሰርቀው የሚከፈቱ ድረ ገጾችም አሉና ከዝርዝሩ ተነሥታችሁ ወደ ጆርናሉ ሂዱ እንጂ ከጆርናሉ ተነሥታችሁ ወደ ዝርዝሩ አትሂዱ።

የኢምፓክት ፋክተር ስሌት ላዕልና ታህቱ (ተካፋዩና አካፋዩ) አንድ ዓይነት ነገር እንደሚቆጥሩ መገመትም የተለመደ ነው። በላዕሉ ላይ ለርእሰ አንቀጽና ለደብዳቤ የተሰጠ ጥቅስ ጭምር ይደመራል፤ በታህቱ ግን የምርምርና የዳሰሳ ጽሑፎች ብቻ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ብዙ ርእሰ አንቀጽና አስተያየት የሚያወጣ ጆርናል ያለ ምንም ተንኮል ይጠቀማል።

ተንኮሉ ደግሞ ለብቻው ነው። በ2007 «ፎሊያ ፎኒያትሪካ ኤት ሎጎፔዲካ» የተባለ የንግግርና የድምፅ ሕክምና ጆርናል የኢምፓክት ፋክተርን አላግባብ አጠቃቀም ለመቃወም ሆን ብሎ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸውን ጽሑፎች ሁሉ በአንድ ርእሰ አንቀጽ ጠቀሰ፤ ቁጥሩ ከ0.66 ገደማ ወደ 1.44 ገደማ ዘለለ፤ ጆርናሉም በቀጣዩ ዓመት ኢምፓክት ፋክተር ከሚወጣበት ዓመታዊ ዘገባ ተሰረዘ። ያ በግልጽ የተደረገ ተቃውሞ ነበር። በ2013 ግን አራት የብራዚል ጆርናሎች እርስ በርሳቸው በመጠቃቀስ ቁጥራቸውን ከፍ ሲያደርጉ ተገኝተው ከዘገባው ታገዱ። በዚያች አገር የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች የሚመዘኑት መምህራኑ ባሳተሙባቸው ጆርናሎች ደረጃ ስለነበር አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት ከባዶ ተነሥተው አይደለም። በአገራችንም ጆርናል የምታዘጋጁ ወዳጆቼ፣ «ካለፉት ሁለት ዓመታት ዕትሞቻችን ቢያንስ ሦስት ጥቀስ» የሚል ደብዳቤ ለጸሐፊ አትላኩ። እንዲህ ያለውን አይቻለሁ፤ የላከውም ሰው ጥፋት መሆኑን አላወቀም ነበር።

ቁጥር የሌለውን ጆርናል ዜሮ ብሎ መመዝገብ ከኢትዮጵያ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ስህተት ነው። ቋቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚወጡ ጆርናሎችን የያዙ ናቸው። ከ1963 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚታተመው «ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» ላይ የወጣ የታሪክ ወይም የፊሎሎጂ ጽሑፍ የሚጠቀሰው በመጻሕፍት፣ በመመረቂያ ጽሑፎችና በአማርኛ በተጻፉ ሥራዎች ነው፤ ይህ ሁሉ ጥቅስ ከሞላ ጎደል በእነዚያ ቋቶች ውስጥ አይታይም። የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ኢምፓክት ፋክተር ስላለውና የታሪኩ ጆርናል ስለሌለው ኬሚስቱ ከታሪክ ምሁሩ ይበልጣል የሚል ሰው፣ የለካው ሁለቱን ጆርናሎች ሳይሆን የቋቱን ድንበር ነው።

በዚሁ ላይ ማንም ልብ የማይለው የዘመን አቆጣጠር ጣጣ አለ። ሽፋኑ ላይ «2014 ዓ.ም.» ብቻ የተጻፈበት ዕትም የወጣው በ2021 ወይም በ2022 ነው፤ ጸሐፊው ዓ.ም. የሚለውን ትቶ 2014 ብሎ ከጠቀሰው ግን ጥቅሱ ለሰባት ወይም ለስምንት ዓመት የቆየ ሥራ የተሰጠ ይመስልና ከሁለት ዓመቱ መስኮት ውጭ ሊወድቅ ይችላል። አዘጋጆች ሁለቱንም አቆጣጠር ሽፋኑም ላይ፣ የእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌም ላይ ቢያሰፍሩ ምንም አይጎዱም።

«ኪው ዋን ነው»፣ ማለትም በደረጃ ከመጀመሪያው ሩብ ነው፣ ማለትም ያለ ዘርፉ ስም ትርጉም የለውም፤ አንድ ጆርናል በአንዱ ዘርፍ ከመጀመሪያው ሩብ፣ በሌላው ከሦስተኛው ሩብ ሊመደብ ይችላል፤ አመልካች ሁልጊዜ የሚያመጣው የሚጠቅመውን ነው። 2.314 ከ2.298 ይበልጣል ብሎ መከራከር ይብቃን፤ ክላሪቬት ራሱ ከ2023 ጀምሮ ከነጥብ በኋላ አንድ አኀዝ ብቻ ያሳያል። በጎግል ስኮላር ያለው ኤች-5 የተባለው የጆርናል መለኪያ ብዙ ጽሑፍ የሚያወጣውን ጆርናል ይጠቅማል። ትላንት የተመዘገበ ዛሬም አለ ማለትም አይደለም፦ ኢምፓክት ፋክተሩ ከ4 በላይ የነበረው «ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ኢንቫይሮንመንታል ሪሰርች ኤንድ ፐብሊክ ኸልዝ» በ2023 ከክላሪቬት የመረጃ ቋት ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ተሰርዟል፤ ስለዚህ በቅጹ ላይ ያጣራችሁበትን ቀንና ቁጥሩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጻፉ።

የመጨረሻው ስህተት የራሴ ነው። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ዲኑ የሁሉንም ትምህርት ክፍሎች ጆርናሎች ደረጃ በአንድ ገጽ እንዳቀርብለት ጠየቀኝ። የዌብ ኦፍ ሳይንስ ቁጥር ያላቸውን በኢምፓክት ፋክተራቸው፣ የሌላቸውን ደግሞ ባዶ ቦታ እንዳይተው ብዬ በስኮፐሱ ሳይትስኮር ሞላኋቸው፤ ለሁለት ጆርናሎች እንዲያውም ሲማጎ የተባለው የጆርናል ደረጃ አውጪ ድረ ገጽ የሚያሳየውን ኤስጄአር አስገባሁ። ሁሉንም በአንድ ዓምድ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኳቸው። ኢምፓክት ፋክተር የሁለት ዓመት መስኮት ያለው መሆኑን፣ ሳይትስኮር ከ2020 ወዲህ አራት ዓመት እንደሚያይና ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከፍ እንደሚል፣ ኤስጄአር ደግሞ የሦስት ዓመት ሆኖ ለእያንዳንዱ ጥቅስ እንደ ጠቃሹ ጆርናል ክብደት እንደሚሰጥ ያኔ አላውቅም ነበር። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ በሳይትስኮር የገቡት ወደ ላይ ወጡ፣ በኤስጄአር የገቡት ሁለቱ ከግርጌ ቀሩ፤ ከሁለቱ በአንዱ ያሳተመች አንዲት የእርሻ ኢኮኖሚክስ መምህርትም ማመልከቻዋ ለአንድ ዓመት ተራዘመባት። ስህተቱን ስደርስበት ለዲኑ በደብዳቤ አሳውቄ አዲስ ሠንጠረዥ ላክሁ። አሮጌው ግን በአንድ ገጽ የተጠቃለለ ስለሆነ ለአጠቃቀም ይመቻል መሰለኝ፣ ባለፈው ዓመት ከመጣ አንድ ማኅደር ጋር ፎቶ ኮፒው ተያይዞ፣ ፊርማዬም ከግርጌው ሳይደበዝዝ አገኘሁት።