የበጎ ፈቃድ ማስተማር ሲያልቅ ጉዞን ማራዘም፦ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

የመጨረሻው ፈተና ታርሞ ውጤት ሲሞላ የመምህሩ ልብ ሁለት ቦታ ይከፈላል። በአንድ በኩል ተማሪዎቹን መለየት ይከብዳል፤ በሌላ በኩል «እዚህ ድረስ መጥቼ ጎረቤት አገሮችን ሳላይ እንዴት እመለሳለሁ?» የሚል ጉጉት አለ። ጉጉቱ ትክክለኛ ነው። እኔም ሁለት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ሦስት ወር ዞሬአለሁ፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። ያየኋቸው ችግሮች ግን አብዛኞቹ መንገድ ላይ የተፈጠሩ አልነበሩም። ገና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሳለን፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት መሠራት የነበረባቸው ነገሮች ሳይሠሩ የቀሩ ናቸው።

ቪዛው ላይ የተጻፈውን ቀን ብቻ ማመን

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ የተሰጣችሁ ለማስተማር ነው፤ ማስተማሩ ሲያበቃ ፈቃዱም ሊያበቃ ይችላል፣ ካርዱ ላይ ገና ሦስት ወር ቢቀርም። ታይላንድን ብንወስድ፣ በሥራ ምክንያት የተራዘመ ቆይታ ሥራው ባለቀበት ቀን ያበቃል። እዚያው አገር ፈቃዱ እያለም ቢሆን፣ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ድንበር የተሻገረ ሰው ቆይታው ይሰረዝበታል።

አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ በሌላ አገር የገጠማት ይኸው ነው። ለአራት ቀን ጎረቤት አገር ደርሳ፣ ሰኞ ተማሪዎቿን ልትሰናበት ነበር። ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር፣ ያልተመለሱ ደብተሮች ጠረጴዛዋ ላይ ነበሩ። የድንበሩ ሠራተኛ ፓስፖርቷን ሁለቴ ገልብጦ አየና «ቪዛሽ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው፤ ስትወጪ አልቋል» አላት። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሞልቶ ጠበቃት። ደብተሮቹን ያደልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ውሉ ከማለቁ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ኢሚግሬሽን ሂዱና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ፈቃዴ የሚያበቃው መቼ ነው? ወደ ቱሪስት ቪዛ እዚሁ ሆኜ መለወጥ እችላለሁ? ወጥቼ መመለስስ? «ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ምንም አላሉትም» የሚለውን ወሬ አትቀበሉ።

ቀን አሳስቶ መቁጠር

በሸንገን አገሮች (እርስ በርስ የድንበር ቁጥጥር ባስቀሩ የአውሮፓ አገሮች) ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ጎብኚ በማንኛውም የ180 ቀን ክልል ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል፤ ወጥቶ መመለስ ቆጠራውን ከዜሮ አያስጀምረውም። ብዙዎች የሚረሱት በትምህርት ቤት ዕረፍት የሄዱበትን ነው። ኤፕሪልን በሙሉ እዚያ ያሳለፈ ሰው ጁላይ 1 ተመልሶ ቢገባ የሚቀረው 60 ቀን ብቻ ነው፤ ኦገስት 29 መውጣት አለበት። ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ ቪዛው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ከ90 ሊያንስ ስለሚችል እሱን ተከተሉ።

ፓስፖርታችሁንም አሁኑኑ ግለጡት። ብዙ አገሮች ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜና ባዶ ገጽ ይፈልጋሉ፤ የሁለት ዓመት አገልግሎት ደግሞ ሁለቱንም ይበላል።

የመልስ ትኬቱን እንደነበረ መተው

አብዛኛውን ጊዜ የመልሱን ትኬት የሚቆርጠው የላከን ድርጅት ነው። ሳይቆረጥ በፊት ተናገሩ። ፒስ ኮር (የሰላም ጓድ)ን የመሰሉ ድርጅቶች በትኬቱ ፋንታ ገንዘቡን የሚሰጡበት አሠራር አላቸው፤ ሌሎች ቀኑን ያዘዋውራሉ፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ሁሉም ይከብዳቸዋል። ትኬቱ ብዙ በረራ ያለው ከሆነ የመጀመሪያውን ትታችሁ ከመሃል ልሳፈር አትበሉ፤ ብዙ አየር መንገዶች የቀረውን በሙሉ ይሰርዙታል።

ወደሚቀጥለው አገር በአውሮፕላን ገብታችሁ በየብስ የምትወጡም ከሆነ፣ ከዚያ አገር የምትወጡበትን ትኬት ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የሚጠይቃችሁም ኢሚግሬሽን ብቻ አይደለም፤ መግባት የተከለከለ ተጓዥን መልሶ የማጓጓዝ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ስለሆነ ገና ሳትሳፈሩ ሊያስቀሯችሁ ይችላሉ።

ኢንሹራንሱ አብሮ እንደሚያልቅ አለማወቅ

ድርጅቱ የገባላችሁ የሕክምና መድን በአገልግሎቱ የመጨረሻ ቀን ሊቆም ይችላል። ቀኑን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከማግስቱ የሚጀምር የራሳችሁን ግዙ። አንዳንድ የጉዞ መድን ከአገር ከወጡ በኋላ አይሸጥም፤ ውጭ ላሉም የሚሸጡትን ፈልጉ።

ኪኒኑን ከአካባቢው ጋር መሰናበት

ወባ ባለበት ስታስተምሩ መከላከያ ትወስዱ ከነበረ፣ አካባቢውን ስለለቀቃችሁ አታቋርጡት። ዶክሲሳይክሊን ከወጡ በኋላ ለ4 ሳምንት ይቀጥላል፤ አቶቫኮን ፕሮጓኒል ደግሞ ለ7 ቀን። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ወባ በሌለበት አገር ያለ ሐኪም ትኩሳታችሁን ጉንፋን ብሎ ሊያልፈው ስለሚችል የት እንደነበራችሁ ራሳችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ይህን አደራ እላለሁ፤ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከጁላይ 2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የሚቀጥለው አገር የሚጠይቃችሁ ከየት አገር እንደመጣችሁ አይቶ ስለሆነ መንገዳችሁን ስትቀይሩ ይህንንም እንደገና አጣሩ።

ወረቀት ሳይዙ መውጣት

የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ማህተም ያለበት፣ ያስተማራችሁት ትምህርትና ክፍል ከነቀኑ የተጻፈበት። ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ውሰዱት፤ ርዕሰ መምህሩ ሊቀየር ይችላል። ወደፊት ማስተማር የምታስቡ ከሆነ ከወንጀል ነፃ ማስረጃም እዚያው ሳላችሁ አውጡ፤ አሻራ የሚጠይቅ አገር ከሆነ ከሩቅ ማስጨረሱ ወራት ይፈጃል።

ስንብቱን ለኋላ ማቆየት

«ከጉዞው ስመለስ ብቅ እላለሁ» ብሎ ለተማሪ ቃል መግባት ቀላል ነው። ልጆች ግን ቀን ይቆጥራሉ። ጓደኛዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለክፍሏ ድምፅዋን ቀድታ ላከች፤ በስልኬ አሰማኋቸው። አንዲት ልጅ ቀረጻው ካለቀ በኋላም ስልኩን አልመለሰችልኝም፤ እንደገና ክፈተው አለችኝ። እናንተ ስንብታችሁን በመጨረሻው የክፍል ቀን፣ ፊት ለፊት ጨርሱት፤ ሻንጣችሁንም ይዛችሁ ውጡ።